“ለአያቷ ትበላለች፣ ለእኔ አፏን ትዘጋለች”

ጥያቄ፦ “የምኖረው ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ነው። ልጄ 2 ዓመት ከ4 ወር ሆኗታል። የወሊድ ፈቃዴ ሲያልቅ፣ በሦስት ወሯ፣ ወደ ሥራ ተመለስኩ፤ ከዚያን ጊዜ ጀምሮ የምትውለው ከእናቴ ጋር ነው። ንጋት 11 ሰዓት ተኩል ወጥቼ ማታ 2 ሰዓት ገደማ እገባለሁ። እናቴ በስልክ የልጆች መዝሙር ከፍታ፣ አንዳንዴም ከክፍል ክፍል እየተከተለች፣ ፍትፍቱንም ገንፎውንም ታበላታለች። 1 ሰዓት ላይ እራቷን ትሰጣታለች። ማታ እኔ ሳቀርብላት ግን ጥርሷን ትነክሳለች፣ ሳህኑን ትገፋለች፤ በግድ ሳጎርሳት ትተፋዋለች። ጡት ያስጣልኳት በ1 ዓመት ከ8 ወሯ ነው። እሬት ብቀባም እምቢ ስላለች እናቴ አዳማ ወንድሜ ቤት ይዛት ሄዳ አንድ ሳምንት ቆዩ፤ ስትመለስ ትታው ነበር። እስከ ዛሬ ግን ስትተኛ ደረቴን ትነካካለች። አባቷ ማታ ሲገባ ብስኩትና የታሸገ ጁስ ይዞላት ይመጣል። ባለፈው ወር ጤና ጣቢያ ስትመዘን 11 ኪሎ ነበረች። ጎረቤቶቼ እንጥሏ ወርዷል፣ አስቆርጫት ይሉኛል። እኔን የሚያስጨንቀኝ ሌላ ነው፤ በሦስት ወሯ ጥያት ስለሄድኩ ጠልታኝ ይሆን?”

ምላሽ፦ ከመጨረሻው ልጀምር። አልጠላችዎትም። ይህን የምለው ላጽናናዎት ብዬ ብቻ አይደለም፤ ማስረጃው እርስዎ በጻፉት ውስጥ አለ። የጠላውን ሰው ደረት እየዳሰሰ እንቅልፍ የሚወስደው ሕፃን የለም። ነገሩ ከመውደድና ከመጥላት ይልቅ ማታ ማታ በእናንተ ቤት ሳህኑ ላይ የተጫነው ሸክም ነው። ወደዚያ ከመድረሳችን በፊት ግን የልጅቷን ጤና እንይ።

11 ኪሎ በዚህ ዕድሜ ላለች ሴት ልጅ ከመካከለኛው ዝቅ ያለ፣ ነገር ግን በጤናማው ክልል ውስጥ ያለ ክብደት ነው። አንድ ቀን የተለካ ክብደት ብቻውን ብዙ አይነግረንም፤ የሚነግረን የእድገት መከታተያ ካርዷ ላይ ወራቱ ተያይዘው የሚሠሩት መስመር ነው። መስመሩ የራሱን መንገድ ይዞ ወደ ላይ እየሄደ ከሆነ ልጅቷ የሚበቃትን እየበላች ነው ማለት ነው። ወደ ጎን ከተኛ ወይም ወደ ታች ከዞረ ምክንያቱ ይፈለጋል። በሚቀጥለው ጊዜ ቁመቷም ይለካ፣ የክንዷም ዙሪያ ይታይ፤ ከ6 ወር እስከ 5 ዓመት ባሉ ልጆች ከ12.5 ሴንቲ ሜትር በታች የሆነ ክንድ ሕክምናና ክትትል ይፈልጋል። ለደም ማነስና ለአንጀት ጥገኛ ትላትል ምርመራ ይደረግላት። የሆድ ድርቀት ካለባት ይናገሩ፤ ሆዱ የደረቀ ሕፃን የምግብ ፍላጎቱ ይጠፋል፣ ይህንንም ብዙ ቤተሰብ አያስተውለውም። ስትውጥ የምትታነቅ፣ ደጋግማ የምታስመልስ ወይም ተቅማጥ የማይለቃት ከሆነ ይህን ጽሑፍ አቆይተው መጀመሪያ ሐኪም ዘንድ ይሂዱ።

እንጥሏን እንዳያስነኩ። እንጥል ምግብ አይከለክልም፤ እንጥል ማስቆረጥ ግን ደም ያፈስሳል፣ ያመረቅዛል፣ አንዳንዴም ሕይወት ያሳጣል። “ግግ ነው” ብለው የወተት ጥርስ ለማውጣት የሚነሡትም እንዲሁ ናቸው። ጎረቤቶችዎ ክፉ አስበው አይደለም፤ ልጅ አልበላ ሲል አንድ ነገር ማድረግ ያረጋጋልና ነው። ሕፃኗን ግን የጎረቤት ጭንቀት ማስታገሻ አናደርጋትም።

ሌላው ከመንገዳችን ልናወጣው የሚገባ ነገር ቀላል ሒሳብ ነው። ሕፃን ተወልዶ አንድ ዓመት ሲሞላው የትውልድ ክብደቱን ሦስት እጥፍ ያደርሳል። በሁለተኛው ዓመት የሚጨምረው ግን 2 ኪሎ ተኩል ያህል ብቻ ነው፤ ከዚያ በኋላ ደግሞ በዓመት 2 ኪሎ ገደማ። እድገቱ ሲቀዘቅዝ ፍላጎቱም አብሮ ይቀዘቅዛል። ይህ የሚሆነው ልጆች “እምቢ” ማለትን በሚማሩበትና የማያውቁትን ምግብ መፍራት በሚጀምሩበት ዕድሜ ነው። እናት የምታየው “ድሮ ትበላ የነበረችው ልጄ አሁን እምቢ አለች” የሚለውን ነው፤ ሰውነቷ ግን የቀነሰው ስለማያስፈልገው ነው።

የዚህ ዕድሜ ልጆች ቁርስ ጥርግ አድርገው በልተው ምሳ ላይ ሦስት ጉርሻ ቀምሰው መነሣታቸውም የተለመደ ነው። ሊያን በርች የተባለች አሜሪካዊት ተመራማሪና ባልደረቦቿ እ.ኤ.አ. በ1991 ባሳተሙት ጥናት ከ2 እስከ 5 ዓመት ያሉ 15 ልጆች ለስድስት ቀናት የሚበሉትን ሁሉ መዘገቡ። ከአንዱ ማዕድ ወደ ሌላው የሚወስዱት ኃይል በ34 በመቶ ያህል ይዋዥቅ ነበር፤ የቀኑ ድምር ግን ከቀን ቀን የተለያየው በ10 በመቶ ገደማ ብቻ ነው። ልጆቹ ምሳ ላይ ያጎደሉትን እራት ላይ፣ እራት ላይ ያጎደሉትን ቁርስ ላይ ራሳቸው ያካክሱ ነበር። ይህን ችሎታ ያስተማራቸው ሰው የለም። ይዘውት ይወለዳሉ፤ እኛ ትልልቆቹ ግን ልናበላሸው እንችላለን።

አሁን የእርስዎን ቤት እንይ። የጻፉትን ሳነብ ዓይኔ የቆመው ሰዓቶቹ ላይ ነው። ልጅቷ 1 ሰዓት ላይ ከአያቷ ጋር እራቷን በልታለች። አባቷ ሲገባ ብስኩትና ጁስ ጨምራለች። እርስዎ 2 ሰዓት ገብተው ሁለተኛ እራት ያቀርባሉ። የጠገበ ሰው አፉን ይዘጋል፤ እርስዎም እኔም እንደዚያው እናደርጋለን። የነገሩ ግማሽ ምናልባት ይኸው ነው፤ ሌላ ምንም ባይለውጡ ይህን ሁለተኛ እራት ብቻ ቢያስቀሩ ማታው ግማሽ ያህል ይረጋጋል።

ነገር ግን እርስዎም መጥገቧን የማያውቁ አይመስለኝም። ታዲያ ለምን ያቀርባሉ? ቀኑን ሙሉ አላይዋትም። ከቱሉ ዲምቱ ወደ ከተማ የሚወስደውን ታክሲና አውቶብስ ተሰልፎ የጠበቀ ሰው ማታ ቤቱ ሲገባ ምን ያህል ጉልበት እንደሚተርፈው አውቃለሁ። በቀረችዎ አንዲት ሰዓት እናት ለመሆን የሚችሉበት ቅርቡ መንገድ ማጉረስ ነው። እኛ ሰው መውደዳችንን የምንናገረው በእጃችን ነው፤ እንግዳም፣ ሙሽራም፣ ሕፃንም እናጎርሳለን። ጉርሻዎ “ዛሬም እናትሽ ነኝ” ይላል። ልጅቷ አፏን ስትዘጋ ለእርስዎ የሚሰማዎት “ጠግቤያለሁ” ሳይሆን “አንቺን አልፈልግም” ነው። ስለዚህ ይገፋሉ፣ ትተፋለች፣ ይቆጣሉ፣ ታለቅሳለች። እናትና ልጅ ቀኑን ሙሉ ሲጠባበቁ የቆዩትን ሰዓት በፍትፍት ጦርነት ይጨርሱታል።

ከአያቷ ጋር የማትታገለው እሳቸውን ስለምታስበልጥ አይደለም። አንደኛ፣ በምግብ ሰዓት ይርባታል። ሁለተኛ፣ ስልኩ ተከፍቶ ስለሆነ እየበላች መሆኗን ራሱ በቅጡ አታስተውልም፤ ወደዚህ እመለሳለሁ። ሦስተኛው ለእርስዎ ደስ የሚል ነው፤ ሕፃናት ብሶታቸውንና እልሃቸውን የሚያወጡት በጣም በሚተማመኑበት ሰው ላይ ነው። ቀኑን በሰላም ውላ እናቷ በሩን ስትከፍት የምትነጫነጭ ልጅ እናቷን መጠጊያ አድርጋ የያዘች ልጅ ናት።

የእናትና ልጅ ቁርኝት በምግብ አይገዛም። ሃሪ ሃርሎው የተባለ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1958 የታወቀውን የጦጣ ግልገሎች ሙከራ አሳተመ። ግልገሎቹ ሁለት ሰው ሠራሽ እናቶች ነበሯቸው፤ አንዷ ከሽቦ፣ ሌላዋ ለስላሳ ጨርቅ ከለበሰ እንጨት የተሠሩ። ወተቱ ያለው በሽቦዋ ላይ ሲሆን እንኳ ግልገሎቹ ጠብተው ይመለሱና ቀኑን የጨርቋን እናት አቅፈው ይውሉ ነበር። ሙከራው ጭካኔ ነበረበት፤ ዛሬ የሚፈቅደው አይገኝም። ያሳየው ነገር ግን አልተሻረም። ልጅዎን በማጉረስ ብቻ አልያዟትም፣ ባለማጉረስም አያጧትም።

ከዚህ ለእኛ የሚቀርበው የሜሪ ኤይንስወርዝ ሥራ ነው። ይህች የሥነ ልቦና ባለሙያ እ.ኤ.አ. በ1954 እና 1955 ዩጋንዳ፣ ካምፓላ አቅራቢያ ባሉ መንደሮች 26 ቤተሰቦችን ቤት ለቤት እየሄደች ተከታተለች። የሄደችበት የመጀመሪያ ምክንያት ለእርስዎ ጉዳይ ቅርብ ነው። በአካባቢው በሚኖረው የጋንዳ ሕዝብ ልማድ ልጅ ጡት የሚጥለው አያቱ ዘንድ ተልኮ ነው ሲባል ሰምታ፣ ያ መለየት በልጁ ላይ የሚያመጣውን ልታይ ነበር። ስትደርስ ልማዱ በብዛት ቀርቶ አገኘችው፤ ስለዚህ እናቶችና ሕፃናት በየዕለቱ እንዴት እንደሚግባቡ ወደ ማየት ዞረች። ሕፃናቱን እንደ አያትና አክስት ያሉ ሌሎች ሰዎች መንከባከባቸው በቁርኝቱ ላይ ጎልቶ የታየ ጉዳት አላመጣም። ከእናታቸው ጋር የተረጋጋ ቁርኝት ያላቸውን ልጆች ከለዩት ነገሮች አንዱ እናታቸው ስለ ልጇ ስትጠየቅ ዝርዝሩን አጥርታ የምትናገር መሆኗ ነበር፤ ምን እንደሚያስደስተው፣ ምን እንደሚያስለቅሰው፣ ዛሬ ምን አዲስ ነገር እንዳደረገ። የእርስዎን ጥያቄ መልሰው ያንብቡት። በእያንዳንዱ መስመር ልጅቷን ያያሉ።

ኤይንስወርዝ በኋላ አሜሪካ፣ ባልቲሞር ውስጥ ሕፃናት በመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት እንዴት እንደሚመገቡ አጠናች። ሕፃኑ ሲርበው የሚያሳየውን፣ ማረፍ ሲፈልግ የሚያሳየውን፣ ሲጠግብ የሚያሳየውን ምልክት ተከትለው የሚያበሉ እናቶች ልጆች ዓመት ሲሞላቸው በብዛት በእናታቸው የሚተማመኑ ሆነው ተገኙ። ጡት ሆነ ጡጦ፣ በሰዓት ሆነ በጠየቀ ጊዜ፣ ዋናው ነገር ምልክቱ መልስ ማግኘቱ ነው። ልጅ ራሱን ማዳመጥን የሚማረው እዚያ ነው። “ራበኝ” ብሎ ሲያለቅስ ምግብ፣ “በቃኝ” ብሎ ፊቱን ሲያዞር ማቆም፣ “ፈራሁ” ብሎ ሲያለቅስ እቅፍ ያገኘ ልጅ ረሃብን ከጥጋብ፣ ሁለቱን ደግሞ ከፍርሃት ለይቶ ያውቃል። ለሁሉም ልቅሶ ጡጦ ወይም ብስኩት የተሰጠው ልጅ ግን ሲከፋው አፉ ምግብ መፈለግን ይለምዳል። በኖርዌይ ትሮንዳይም ከተማ ልጆችን ከ4 ዓመታቸው እስከ 10 ዓመታቸው የተከታተለ ጥናት ይህንኑ አሳይቷል፤ ወላጆቻቸው ሲከፋቸው በምግብ ያባብሏቸው የነበሩት ልጆች ከፍ ሲሉ ስሜታቸውን ተከትለው ወደ መብላት አዘነበሉ።

የጡት ማስጣሉን ነገር ሳልነካ አላልፍም። እሬት መቀባትም ልጅን ለሳምንት ማራቅም በአገራችን የተለመደ ነው፤ እርስዎ የፈጠሩት አይደለም። ከልጅቷ በኩል ሲታይ ግን በአንድ ሳምንት ሁለት ነገር ጠፋባት፤ ጡቱም እናቷም። ስትመለስ እናቷን አገኘች፣ ጡቱ ግን ምንም ሳይነገራት ቀረ። ማታ ደረትዎን የምትነካው ለዚህ ይመስለኛል፤ ወተቱን ፈልጋ ሳይሆን ቦታው እዚያው መኖሩን ለማረጋገጥ። እጇን አይምቱት፣ “ነውር ነው” አይበሏት። “ጡቱ አልቋል፣ እኔ ግን አለሁ” ብለው አቅፈዋት ትተኛ። ለሚቀጥለው ልጅ ጡት ማስጣሉን ቀስ በቀስ፣ መጀመሪያ የቀኑን፣ በመጨረሻ የሌሊቱን እያስቀሩ፣ እርስዎ አጠገቡ እያሉ ያድርጉት።

የወሊድ ፈቃዱንም አንሥተዋል። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ከወሊድ በኋላ የሚሰጠው 90 ተከታታይ ቀናት ነው። ጤና ባለሙያዎች ደግሞ እስከ ስድስት ወር የእናት ጡት ብቻ ስጡ እንላለን። በሁለቱ መካከል ያለውን ሦስት ወር ሠርተው የሚያድሩ እናቶች በጸጸት እንዲሞሉት መጠበቅ ፍርድ አይደለም። እርስዎ እንዲያውም ሥራ እየሠሩ እስከ 1 ዓመት ከ8 ወር አጥብተዋል፤ ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

ማስገደድን በተመለከተ በግልጽ ልናገር። በግድ ማጉረስ፣ አፍንጫ ይዞ አጥሚት መጋት፣ “ካልበላሽ ጅቡ ይመጣል” ማለት ይቁም። በእኛ አካባቢ ጅቡ ሌሊት በእርግጥ ስለሚጮህ ማስፈራሪያው በከተማው መሐል ካለው ይበረታል፤ የፈራ ሕፃን ሆዱ ይዘጋል። ግፊት በለዘብተኛ ቃል ሲሆን እንኳ ውጤቱ የተገላቢጦሽ ነው። የበርች ቡድን እ.ኤ.አ. በ2006 ባሳተመው ሌላ ጥናት የቅድመ መደበኛ ልጆች ሁለት ዓይነት ሾርባ ቀረበላቸው፤ የዱባና የበቆሎ። በአንደኛው ሾርባ ሰዓት አሳዳጊዋ “ሾርባችሁን ጨርሱ” እያለች ትደጋግማለች፣ በሌላው ዝም ትላለች። ልጆቹ ዝም የተባሉበትን የበለጠ በሉ፤ የተወተወቱበትን ደግሞ “አስጠሊታ ነው” እያሉ አማረሩት። መከልከልም ተመሳሳይ ጉድ አለበት። ዓይናቸው እያየ የተከለከሉትን ብስኩት ሲያገኙ አብልጠው ይመኙታል።

ኤሊን ሳተር የተባለች አሜሪካዊት የሥነ ምግብ ባለሙያ ከ1980ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ የምታስተምረው የሥራ ክፍፍል ለእኔ እስካሁን የተሻለው መመሪያ ነው። ምን እንደሚበላ፣ መቼና የት እንደሚበላ የሚወስነው ትልቁ ሰው ነው። ምን ያህል እንደሚበላ፣ ጭራሽ መብላት አለመብላቱንም የሚወስነው ልጁ ነው። ችግር የሚመጣው አንዱ የሌላውን ሥራ ሲወስድ ነው፤ እናት የልጁን ሆድ ልታዝዝ ስትሞክር፣ ወይም ልጅ “ብስኩት ነው የምበላው” ብሎ የቤቱን ምግብ ሲወስን። ሁለተኛው ክፍል ሁልጊዜ ይረሳል። እኔ የምላችሁ ልጁ ያሻውን ይብላ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1928 ክላራ ዴቪስ የተባለች ሐኪም ጡት የጣሉ ሕፃናት ምግባቸውን ራሳቸው እንዲመርጡ አድርጋ ጤናማ ሆነው ማደጋቸውን ማሳወቅ ስትጀምር ብዙ ሰው “ልጅ የሚጠቅመውን ያውቃል” ብሎ አጨበጨበ። ዘዴው ግን የቀረበው ምግብ ላይ ነበር፤ ሥጋ፣ ዕንቁላል፣ ወተት፣ እህል፣ አትክልትና ፍራፍሬ እንጂ ስኳር አልቀረበላቸውም። ከመልካም ነገሮች መካከል ስለሚመርጥ ነው ልጅ በመምረጡ የማይጎዳው።

ወደ እናትዎ ልመለስ። በስልክ እያታለሉ ማብላት ጉዳቱ ልጅቷ ጥጋቧን እንዳትሰማ ማድረጉ ነው። ዓይኗ መዝሙሩ ላይ ተተክሎ አፏ በራሱ ይከፈታል፤ የምትበላው ሰሃኑ እስኪያልቅ እንጂ ሆዷ እስኪሞላ አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2019 ያወጣው መመሪያም ከ2 እስከ 4 ዓመት ላሉ ልጆች በቀን ከአንድ ሰዓት በላይ ስክሪን አይመክርም። ይሁን እንጂ እናትዎን “ልጄን እያበላሻት ነው” ብለው እንዳይገቡባቸው። እሳቸው የ1977ቱን ድርቅ የሚያስታውስ ትውልድ ናቸው። ያን ዘመን ላየ ሰው ያልበላ ሕፃን ዝም ብሎ የሚታይ ነገር አይደለም። ፍርሃታቸውም መሠረት አለው፤ በ2011 ዓ.ም በተደረገው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ከአምስት ዓመት በታች ካሉ የኢትዮጵያ ሕፃናት 37 በመቶው ቀንጭረው ተገኝተዋል። እሳቸው ልጅቷን በሕይወት የሚያቆዩበትን መንገድ ነው የያዙት። ስለዚህ ሥልጣናቸውን ሳይነኩ አንዱን ማዕድ ብቻ ይጠይቋቸው፤ “እማዬ፣ መክሰሷን ያለ ስልክ እንሞክረው፣ ሐኪም ነው ያለው” ይበሉ፤ በእኔ ያሳብቡ። እሱ ሲለመድ ወደ ምሳው ይሻገራል።

አንድ ሌላም ነገር ይለምኗቸው፤ ከእሷ ጋር አብረው እንዲበሉ። አብዛኞቹ አያቶች ሕፃኑን አብልተው፣ አስተኝተው፣ ከዚያ ብቻቸውን ይበላሉ። ልጅ ግን ምግብ የሚወድደው ሌላ ሰው ሲበላው እያየ ነው። ከትልቁ ትሪ ጎን የራሷ ትንሽ ሳህን ይኑራት፤ በጋራ ትሪ ላይ ሕፃን ምን ያህል እንደበላች አይታወቅም፣ የፈጠኑ እጆችም ይቀድሟታል። ሳህኗ ላይ ጥቂት፣ ሦስት አራት ጉርሻ የሚሆን ብቻ ይቀመጥ፤ ከፈለገች ትጨምራለች። በእጇ ትንካው፣ ታፍስሰው። ዕንቁላልና ጎመን መሬት ላይ መውደቃቸው ትምህርቱ ነው፤ ለአያትዋ ጉልበት ግን ጨርቅ ከሥር ያንጥፉላቸው። አዲስ ምግብ ሲቀርብ ልጆች እስከ 10 እና 15 ጊዜ ካላዩት ላይቀምሱት ይችላሉ። “ካሮት አትወድም” የሚባለው ብዙ ጊዜ ከሦስተኛው ሙከራ በኋላ ነው፤ ያኔ ልጅቷ ገና ከካሮት ጋር እየተዋወቀች ነበር።

በቀን ሦስት ማዕድና ሁለት መክሰስ በቂ ነው፤ በመካከሉ ውኃ ብቻ። ከምግብ በፊት የሚጠጣ ጁስና ወተት ትንሿን ሆድ ይሞላታል። ሻይ ለሕፃን አይሰጥ፤ በምግብ ውስጥ ያለውን ብረት ሰውነት እንዳይወስድ ይከለክላል። በጾም ወቅት ዕቃው እንዳይነካ ተብሎ የሕፃን ዕንቁላልና ወተት የሚቋረጥባቸው ቤቶች አሉ፤ ለእሷ የምትሆን አንድ ድስትና አንድ ሳህን ብትለዩ ነገሩ ያልቃል።

አባቷን አይቆጡት፤ እሱም በሩን ሲከፍት ሮጣ እንድትመጣለት ነው የሚፈልገው። ብስኩቱ ከሥራ መልስ የሚሰጥ ሽልማት ሆኖ ከቀጠለ ግን ልጅቷ አባቷን በከረጢቱ ትለካዋለች። እጁን ባዶ አድርጎ ይግባና ይሸከማት፣ ደረጃውን አብረው ይውረዱና ይውጡ። ሙዝ ወይም ብርቱካን ይዞ መምጣት ከፈለገ ለነገ መክሰስ ይቀመጥ። ብስኩት ከቤት ፈጽሞ ይጥፋ አልልም፤ አንዳንድ ቀን ከመክሰሷ ጋር ያለ ሥነ ሥርዓትና ያለ ልመና ይሰጣት፣ የተለየ ክብርም አይኑረው።

የማታው ሰዓት የእርስዎ ነው፤ ከምግብ ነፃ ያድርጉት። ገብተው ጫማዎን ሲያወልቁ አብራዎት ትቀመጥ። እግሯን ይጠቡላት፣ ጸጉሯን ቅባት ይቀቧት፣ ተረት ይንገሯት። እርስዎ እራትዎን ሲበሉ አጠገብዎ ትሁን፤ አያጉርሷት፣ “ብዪ” አይበሏት፣ ስለ ምግብ ጨርሶ አይናገሩ። እጇን ወደ ትሪው ከዘረጋች ትውሰድ። አፏን ከፍታ ጉርሻ ከጠየቀች ያጉርሷት፤ ከዚያ ሁለተኛውን እስክትጠይቅ ይጠብቁ። ቅዳሜና እሑድ ደግሞ ከቁርስ ጀምሮ እርስዎ ያብሏት፤ የዚያን ዕለት ርቧት ስለምትነሣ ለእርስዎም እንደምትበላ ያያሉ። ሽንኩርት ሲልጡ ልጣጩን ትልቀም፣ ምስር ሲለቅሙ እጇን ትንከር። በእጇ የነካችውን ምግብ ትንሽ ቀናት ቆይታ ትቀምሰዋለች።

ሁሉንም ነገር በአስተዳደግ አያሳብቡ። በብሪታንያ በመንትዮች ላይ የተደረጉ ጥናቶች የምግብ መራጭነት ትልቁ ክፍል በዘር የሚወረስ መሆኑን አሳይተዋል። ከእርስዎ ወይም ከባለቤትዎ አንዳችሁ በልጅነታችሁ “አፈ ምርጥ” ተብላችሁ እንደነበር እናትዎን ይጠይቋቸው። ግፊቱም ብዙ ጊዜ የሚጀምረው ልጁ መራጭ ስለሆነ ነው፤ ሕፃኑ አይበላም፣ እናት ትገፋለች፣ ስለተገፋ ይባሱን አይበላም። ከሁለቱ ክሩን መልቀቅ የሚችለው ትልቁ ሰው ብቻ ነው። ጣዕም ከዚያም ቀድሞ ይጀምራል። ጁሊ ሜኔላ የተባለች ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ2001 እንዳሳየችው በእርግዝና ወይም በማጥባት ጊዜ እናቶቻቸው የካሮት ጭማቂ ይጠጡ የነበሩ ሕፃናት ካሮት ያለበትን ገንፎ ፊታቸውን ሳያጨማድዱ ተቀብለዋል። ልጅዎም የወጥዎን ጣዕም ሃያ ወር ያህል በጡትዎ ቀምሳዋለች።

የመጀመሪያዎቹ አንድ ሁለት ሳምንታት ይከብዳሉ። ስልኩ ሲጠፋ ልጅቷ ትጮሃለች፣ ከወትሮው ያነሰ ትበላለች፤ እናትዎም “ይኸው፣ አላልኩም?” ይላሉ። እዚህ ላይ ብዙ ቤተሰብ ተስፋ ቆርጦ ስልኩን መልሶ ይከፍታል፤ ያኔ ልጅቷ የምትማረው በቂ ጊዜ ከጮኸች ስልኩ እንደሚመጣ ነው። ሁለት ማዕድ ብትዘል አትጎዳም፤ ውኃ እየጠጣች፣ እየተጫወተች፣ እየሸናች ከሆነ ቀጣዩን ማዕድ በሰዓቱ አቅርቡና ተዉአት። ጨርሳ መጠጣት ካቆመች፣ ከፈዘዘች ወይም ካተኮሳት ግን ይህ የምግብ ጠባይ ጉዳይ አይደለም፤ በዚያው ቀን ወደ ጤና ጣቢያ ውሰዷት።

ክብደቷን በወር አንድ ጊዜ፣ በአንድ ዓይነት ሚዛን ብቻ ያስለኩ፤ በየሳምንቱ መመዘን የሚጨምረው ጭንቀት ነው። በሁለት ተከታታይ ወራት መስመሩ ካልጨመረ፣ ወይም የምትቀበለው ምግብ እየጠበበ ሄዶ ከጥቂት ዓይነት በላይ የማትነካ ከሆነ፣ ካርዷን ይዘው ወደ ሕፃናት ሐኪም ይሂዱ። የሚቻል ከሆነ እናትዎም አብረው ይሂዱ፤ ቀኑን ሙሉ የምትበላውን የሚያውቁት እሳቸው ናቸው፣ ሐኪሙ የሚለውንም በራሳቸው ጆሮ ቢሰሙት ይሻላል።